የሮማ ዓይነት የወረቀት ሞዛይክ ምንድን ነው? ቀዶ መለጠፍስ ለምን ሞዛይክ አይሆንም?

ባለቀለም ወረቀት ቀዶ የዓሣ ቅርጽ ውስጥ የሞላ ሁሉ «ከልጆቼ ጋር የሮማ ሞዛይክ ሠራን» እያለ ፎቶ ያወጣል። ሥራው ያምራል፣ ልጆቹም ተደስተውበታል፤ ስሙ ግን ኮላዥ (ወረቀት እየደራረቡ የመለጠፍ ሥራ) ነው። ወረቀቱ እርስ በርሱ ተደራርቧል፣ የዓሣው ዙሪያ ባዶ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፣ ቁርጥራጮቹም ወዴት እንደሚያመሩ አይታወቅም። ክፍተት፣ የተሞላ ዙሪያና አቅጣጫ፣ እነዚህ ሦስቱ ሲጎድሉ ሞዛይክ የሚባለው ነገር ራሱ ጎድሏል።

ሞዛይክ በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ ቁርጥራጮችና በመካከላቸው ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አብረው የሚሠሩት ሥዕል ነው። ቀለሙ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ቅርጹንና እንቅስቃሴውን የሚሰጠው ግን የረድፉ አቅጣጫ ነው። ከጥንታዊቷ የሮማውያን ከተማ ከፖምፔ የተገኘውና አሁን ናፖሊ ሙዚየም ያለው የአሌክሳንደር ሞዛይክ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆኑ ጥቃቅን ድንጋዮች የተሠራ ነው። አሠራሩ ኦፑስ ቬርሚኩላቱም ይባላል፤ ቁርጥራጮቹ ከ4 ሚሊ ሜትር ያንሳሉ፣ ረድፎቻቸውም የቅርጹን መዞር ተከትለው ይጠማዘዛሉ። ተለቅ ባሉ ድንጋዮች የሚሠራው ተራው የወለል ሞዛይክ ደግሞ ኦፑስ ቴሰላቱም ነው። ቤት ውስጥ በወረቀት የምንሠራው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን ለዓይንና ለፊት ብቻ እንበደረዋለን።

ነገሩን በእርሻ ማየት ይቻላል። ገበሬ መሬቱን እዚህም እዚያም አይቆፍርም፤ ትልም ያወጣል፣ ቀጣዩም ትልም የፊተኛውን ተጠግቶ ይሄዳል። ማሳው መሐል ቋጥኝ ካለ በሬዎቹ ይዞሩታል። ቋጥኙን ያቀፈው ትልም ክብ ይሆናል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ትንሽ ይጎብጣል፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ወደ ቀጥታው ይመለሳሉ። ሞዛይክ ላይ ዓሣው ቋጥኙ ነው፣ የሥዕሉ መደብ (በዓሣው ዙሪያ ያለው ቦታ) ደግሞ ማሳው። ስለዚህ ዓሣው ካለቀ በኋላ በመደቡ ቀለም አንድ ረድፍ (ቦታ ካለ ሁለት) ዙሪያውን ያቅፈዋል፤ ቀጥታዎቹ ረድፎች የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ማሳው ከወሰኑ ጋር አልገጥም ሲል አጫጭር ትልሞች በዳር እንደሚቀሩ ሁሉ፣ እዚህም ያቀፈው ረድፍና ቀጥታው ረድፍ በሚገናኙበት ቦታ ግማሽና ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይገባሉ። ቁም ነገሩ ያ ቆራርጦ ማስገባት ከዓሣው ቆዳ አንድ ረድፍ ርቆ መዋሉ ነው። የዓሣው ጠርዝ ላይ ቢሆን ኖሮ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ይመስላል። ምሳሌው የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፦ ገበሬ በሁለተኛው እርሻ ትልሙን አቋርጦ ያርሳል፤ የሞዛይክ ረድፍ አይቋረጥም።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ለልጆች ጨዋታ ይህ ሁሉ ሕግ ምን ይሠራል? ሮማውያንም ያገኙትን ድንጋይ ነው የለጠፉት» ሲል ተከራክሯል። ሁለቱም አባባል ልክ አይደለም። ረድፍ ልጆችን አያስቸግርም፤ ያግዛቸዋል። «ይህን ቅርጽ ሙላ» የተባለ የስድስት ዓመት ልጅ ቀጣዩን የት እንደሚያኖር ስለማያውቅ ቶሎ ይሰለቻል። «ይህን ረድፍ ጨርስ» የተባለው ግን ቦታውም መጨረሻውም ይታየዋል። ስለ ሮማውያን ደግሞ በእስራኤል በሎድ ከተማ የተገኘውን ወለል መጥቀስ ይበቃል፤ ሞዛይኩ ከመሬት ሲነሣ ከሥሩ የሠራተኞች የእግር ዱካ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ ልስኑ ላይ የተሠመረ የንድፍ መሥመርም ታይቷል። እዚያ አገር የምትኖሩ ወላጆች ልጆቹን ወስዳችሁ ብታሳዩአቸው ከማንኛውም ፎቶ ይሻላል። ለእውነቱ ያህል፣ ሮማውያን ድንጋይ በትነው የሠሩት ወለልም አለ፤ ኦፑስ ሲግኒኑም በሚባለው የኖራና የተፈጨ ሸክላ ወለል ላይ ጠጠሮች ተራርቀው ይጣሉ ነበር። እሱ ግን ምስል የለውም፣ ስለ ዓሣ ሥዕልም ማስረጃ አይሆንም።

ሌላው ስሕተት የተገላቢጦሽ ነው፦ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ካሬዎቹን እየቀቡ ሞዛይክ ማለት። እሱ ፒክስል (የኮምፒውተር ምስል የሚሠራባቸው ካሬ ነጥቦች) ነው። ካሬዎቹ ስለማይዞሩ የዓሣው ጀርባ ደረጃ ደረጃ ይሆናል።

ወደ ሥራው እንግባ። መደገፊያው 16 በ16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ካርቶን ይሁን፣ ቀለሙም አመድማ ወይም ቡናማ ነጭ። ክፍተቱ ውስጥ የሚታየው ይህ ቀለም ስለሆነ ምርጫው ቀላል ነገር አይደለም፤ ነጭ ላይ ደብዛዛ ቁርጥራጮች ይዋጣሉ፣ ጥቁር ደግሞ ሥዕሉን በሙሉ ያጨልመዋል። ቁርጥራጩ 7 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ካርቶኑ 20 በ20፣ ማለትም 400 ቁርጥራጭ ይይዛል። 10 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ዓሣ ጅራቱን ጨምሮ የሚወስደው 60 ገደማ ነው። የቀረው 340 መደብ ነው። ብዙዎች ዙሪያውን ባዶ የሚተዉት ለዚህ ይመስለናል፤ ዓሣው ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል፣ ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነው። ስለዚህ መደቡን ለቤተሰቡ አካፍሉት፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ረድፎች ይያዝ። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ቁርጥራጩን 1 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፤ 200 ያህል ይበቃል። ዓሣውንም 12 በ5.5 ሳንቲ ሜትር አሳድጉት፣ አለዚያ በወርዱ አምስት ረድፍ አይገባበትም።

ወረቀቱን ራሳችሁ ቀቡት። ለመደቡ አንድ ቀለም ሦስት ጊዜ፣ የሚጨመረውን ነጭ መጠን ትንሽ ትንሽ እየለዋወጡ መበጥበጥና ቁርጥራጮቹን ቀላቅሎ መጠቀም ነው፤ ድንጋይ አንድ ወጥ አይደለምና። ግማሽ ኤ4 ወረቀት ለመደቡ በቂ ነው። ደግሞም ባሕር ስለሆነ ሰማያዊ መሆን የለበትም፤ በጥንቷ የሮማ ወደብ በኦስቲያ በሚገኘው የኔፕቱን መታጠቢያ ወለል ላይ የባሕሩ ፍጥረታት ጥቁር ናቸው፣ ባሕሩ ነጭ ነው። ወርቃማ ወረቀትም ተዉት፤ ያ የሚያንጸባርቅ ወርቅ በጣሊያን የራቬና ከተማ ቤተ ክርስቲያኖች ግድግዳ እንጂ የሮማ ወለል መልክ አይደለም።

ቀለሙ ሲደርቅ ትልቅ ሰው በማስመሪያና በካተር 7 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ረጃጅም ቁራጮች ያውጣ፣ ልጁ በመቀስ ካሬ ካሬ ይቁረጣቸው። ካሬው ትንሽ ቢዛነፍ ችግር የለውም። መቅደድ ግን አይሆንም፤ የተቀደደ ጠርዝ ነጩን የውስጥ ክር ስለሚያሳይ ክፍተቱ ቀጥ ብሎ አይታይም።

ቅደም ተከተሉ ውጤቱን ይወስናል። መጀመሪያ ዓይኑ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ቁርጥራጭ። ከዚያ የዓሣው ዙሪያ በጠቆረ ቀለም አንድ ረድፍ፤ ቀጥሎ ከዙሪያው ወደ ውስጥ ያንኑ መሥመር እየተከተሉ ሦስት ረድፍ፣ ወደ ሆዱ እየነጡ። ከዚያ ዓሣውን የሚያቅፈው የመደብ ረድፍ፣ ከዚያ በካርቶኑ ጠርዝ ዙሪያ የክፈፉ ረድፍ፤ በሁለቱ መካከል የቀረው ቦታ በመጨረሻ በቀጥታ ረድፎች ይሞላል። ኩርባ ላይ ካሬ አይሄድም፦ 5 ሳንቲ ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ላይ የውጭ ጎኑ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁርጥራጭ የውስጥ ጎኑ 6 መሆን አለበት። ከሁለቱም በኩል ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር መላጨት ነው። ይህ ካልተደረገ ቁርጥራጮቹ በውስጥ በኩል ይነካካሉ፣ በውጭ በኩል ክፍተታቸው ይሰፋል።

ኮላውን ቁርጥራጩ ላይ ሳይሆን ካርቶኑ ላይ ቀቡ፣ በአንድ ጊዜ ከ4 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ቦታ፤ ከዚያ ከበለጠ ሳትደርሱበት ይደርቃል። በውሃ አታቅጥኑት፣ ወረቀቱ ይኮማተራል። ቁርጥራጩ ጫፉ እርጥብ በሆነ ስቴኪኒ ተነሥቶ ይቀመጣል፤ በጣት ከሆነ ኮላው ጣት ላይ ይይዝና ያስቀመጣችሁትን ይዞት ይነሣል።

ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ክፍተቱ ሳይታወቅ መጥበቡ ነው። ልጅ ቁርጥራጭን ከቁርጥራጭ አጠጋግቶ መግጠም ይወዳል። በአንድ ረድፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢጠፋ በ20 ረድፍ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ ረድፍ ገብቶበትም የማይሞላ ባዶ ቦታ ይቀራል። መድኃኒቱ መደቡ ላይ በየ32 ሚሊ ሜትሩ፣ ማለትም በየአራት ረድፉ፣ ቀጭን የእርሳስ መሥመር አስቀድሞ ማስመር ነው። ረድፉ መሥመሩ ጋ ሲደርስ ይታረማል። ይህ ግን ለቀጥታ ረድፎቹ ብቻ ነው፤ መሥመሩ ዓሣውንና ያቀፈውን ረድፍ አቋርጦ አይለፍ።

ካርቶኑ ሲደርቅ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ የረጠበው አንዱ ፊቱ ብቻ ነውና። ከመጀመራችሁ በፊት ጀርባው ላይ ተራ ወረቀት በኮላ ለጥፉና አድርቁት። ሲያልቅም በላስቲክ ሸፍናችሁ ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁበት አሳድሩት። ከመጽሔት የተቆረጠ ወረቀት ከተጠቀማችሁ ቀለሙ በፀሐይ እንደሚለቅ፣ ጋዜጣም ፈጥኖ ቢጫ እንደሚሆን እወቁ፤ መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት። እንዲያብረቀርቅ ብላችሁ በላዩ ኮላ ወይም ቫርኒሽ አትቀቡ፤ ክፍተቱን ሞልቶ ረድፉን ያጠፋዋል። አቧራ ካሠጋችሁ ባለ መስታወት ፍሬም ውስጥ አስገቡት፣ መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካም ጠርዙ ላይ ቀጭን የካርቶን ክፈፍ አድርጉለት።