የድሮ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋይ ሲጨመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጎኑ ላይ ማስገቢያ ካለው ማንኛውም ካርድ ይሠራል»

አይሠራም። የጎን ማስገቢያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የጥንቱ ባለ 16 ቢት ፒሲ ካርድ በአብዛኛው በ5 ቮልት ይሠራል። ካርድባስ ባለ 32 ቢት ሲሆን የሚሠራው በ3.3 ቮልት ነው፤ በሚሰካው ጫፉ ላይ ነጠብጣብ እብጠቶች ያሉት ወርቃማ ብረት ስላለው በቀላሉ ይለያል። የ16 ቢቱ ካርድ በካርድባስ ማስገቢያ ይሠራል፣ ካርድባስ ግን በጥንቱ ማስገቢያ አይገባም፤ ጠርዙ የተሠራው እንዲከለክለው ነው። አልገባም ሲል በጉልበት አይግፉት። ውስጥ ያሉት 68 ቀጫጭን ፒኖች አንዴ ከታጠፉ ማስገቢያውን መጠገን አድካሚ ነው። ሦስተኛው ኤክስፕረስካርድ ነው፤ ስፋቱ 34 ወይም 54 ሚሊሜትር ሲሆን ከሁለቱም ጋር አይተካካም።

«የውስጡን ካርድ አውጥቶ አዲስ መተካት ብቻ ነው»

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ቲንክፓዶችና የኤችፒ ላፕቶፖች ባዮሳቸው (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ውስጣዊ ፕሮግራም) ከፈቀደው ካርድ ውጭ አይቀበሉም። ቲንክፓዱ 1802፣ ኤችፒው 104 የሚል የስህተት ቁጥር አሳይቶ አልነሳም ይላል። ካርዱ ግን ጤነኛ ነው። መፍትሔው ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ካርድ በመለዋወጫ ቁጥሩ ፈልጎ መግዛት ነው፤ ካልተገኘ የዩኤስቢ አዳፕተር (በዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መሣሪያ) ይህ ክልከላ አይነካውም። ከኢንተርኔት የተገኘ የተነካካ ባዮስ መጫን ግን ማሽኑን ጨርሶ ሊገድለው ስለሚችል አንመክርም።

መጠኑንም ይለኩ፦ የውስጥ ካርዱ ዓይነት ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ከሆነ፣ ሙሉው ካርድ ርዝመቱ 51 ሚሊሜትር ገደማ፣ ግማሹ 27 ገደማ ነው። ከመንካትዎ በፊት ቻርጀሩንም ባትሪውንም ይንቀሉ። የአንቴና ገመዶቹን ጫፍ በጥፍር ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሱ፣ ወደ ጎን አይጎትቱ። ገመዶቹ ሳይሰኩ ከቀሩ ዋይፋዩ የሚይዘው ራውተሩ አጠገብ ብቻ ነው።

«ካርቶኑ ላይ 1200 ካለ ፈጣን ነው»

1200 የሚለው በሰከንድ ሜጋቢት ነው፤ የዩኤስቢ አዳፕተር ግን ከተሰካበት ቀዳዳ ፍጥነት አያልፍም። ዩኤስቢ 1.1 ጣሪያው በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነው። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት 480 ቢባልም በተግባር ከ300 ብዙ አያልፍም።

«ኔትወርኩ ካልታየ ካርዱ ተበላሽቷል»

አብዛኞቹ የቆዩ ካርዶች የሚያዩት 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። የስልክዎ ሆትስፖት በ5 ላይ ከሆነ ወደ 2.4 ይመልሱት። ራውተሩ ቻናል 12 ወይም 13 ላይ ከሆነም ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ካርዶች አያዩትም፤ 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ያድርጉት። ኔትወርኩ ታይቶ መገናኘት እንቢ ካለ ደግሞ ጥፋቱ ምስጠራው ላይ ሊሆን ይችላል፦ ራውተሩ ደብሊውፒኤ3 የተባለውን አዲሱን የዋይፋይ ምስጠራ ብቻ የሚቀበል ከሆነ የቀደመውን ደብሊውፒኤ2ን ይፍቀዱለት፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ ሰርቪስ ፓክ 3 ይጫኑ። ዌፕ የተባለውን የጥንት ምስጠራ ብቻ የሚያውቅ ካርድ ካጋጠመዎት ካርዱን ይቀይሩ እንጂ ለእሱ ሲሉ ራውተሩን ወደ ዌፕ አያውርዱ፤ ዌፕ በደቂቃዎች ይሰበራል።

«ሲሰካ ራሱ ይሠራል»

ሁልጊዜ አይደለም። ድራይቨሩን (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አስቀድመው በሌላ ኮምፒውተር አውርደው በፍላሽ ይያዙ። አንድ ዓይነት ስም ያለው አዳፕተር ውስጡ የተለያየ ቺፕ ሊኖረው ስለሚችል በካርቶኑ ስም አይፈልጉ፤ ዲቫይስ ማኔጀር በተባለው የዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የሚታየውን የሃርድዌር መለያ ቁጥር ይጠቀሙ። ዊንዶውስ 7 እና ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ኢንተርኔቱን ማጋራትም ድራይቨሩን ለማውረድ ይበቃል።