ካርዱ ላይ የቀሩት የኮሌጅ ተጫዋቾች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአሜሪካ ፉትቦል ካርዶች መጀመሪያ ከትምባሆ፣ በኋላ ደግሞ ከማስቲካ ጋር ይወጡ ነበር። ጉድዊን የተባለው የትምባሆ ኩባንያ በ1888 ካሳተማቸው 50 የስፖርት ጀግኖች ካርዶች በአንዱ ላይ የየል ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ቢቸር ይታያል፤ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያው የፉትቦል ካርድ የሚሉት እሱን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ብዙ የኮሌጅ ልጆች ፎቷቸው ካርድ ላይ ቀርቶ ማንነታቸው ተረስቷል። የእነሱን ታሪክ ለማጣራት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ገና ሲነሳ ይዞት በሚመጣው ግምት ነው።

«ካርድ ከወጣለት ፕሮፌሽናል ሆኖ ተጫውቷል»

ይህ ከሁሉም በላይ ፍለጋን የሚያስቆም ግምት ነው። ሰው ስሙን በናሽናል ፉትቦል ሊግ መዝገብ ውስጥ ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ «ምንም ያልሠራ ልጅ ነበር» ብሎ ይተወዋል። የማስቲካና የካርድ አምራቹ ቶፕስ በ1950 ጀርባቸው ጨርቅ የለበሰ 100 ትንንሽ ካርዶች አውጥቶ ነበር፤ ሁሉም የኮሌጅ ተጫዋቾች ናቸው። ከመካከላቸው የብራውን ዩኒቨርሲቲው ጆ ፓተርኖ አለ። ፓተርኖ አንድም የፕሮፌሽናል ጨዋታ አልተጫወተም፤ በፔን ስቴት ግን 46 የውድድር ዘመን ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ቆይቷል።

ነገሩ የሚገባን የዚያን ጊዜውን ገበያ ስናይ ነው። የሊጉ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ መምረጥ የጀመሩት በ1936 ሲሆን፣ ያን ዓመት 81 ልጆች ተመረጡ። የመጀመሪያው ተመራጭ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጄይ በርዋንገር ነበር፤ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን፣ ዛሬ የሃይዝማን ዋንጫ የሚባለውንም በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው እሱ ነው። ይህ ሰው በሊጉ አንድ ቀን አልተሰለፈም። ደሞዙ ትንሽ፣ ሙያው ያልተከበረ ስለነበር ዲግሪ በእጁ ያለ ልጅ የሕግ ትምህርት ወይም ንግድ ቢመርጥ አይፈረድበትም። እንግዲህ ከሊጉ መዝገብ የጠፋን ሰው በጠበቆች ማኅበር፣ በሐኪሞች መዝገብ ወይም በአንድ ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጣኞች ዝርዝር ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

ድንበር ተሻግሮ ማየትም አለ። የድሬክ ዩኒቨርሲቲው ጥቁር አሜሪካዊ ጆኒ ብራይት በጥቅምት 1951 በአንድ ጨዋታ ላይ ኳሱን ሳይዝ ተመትቶ መንጋጋው ተሰበረ፤ ሲመታ የሚያሳዩት ተከታታይ የጋዜጣ ፎቶዎች በ1952 የፑሊትዘር ሽልማት አገኙ። ፊላዴልፊያ በመጀመሪያው ዙር ቢመርጠውም ወደ ካናዳ ሄዶ እዚያው ታዋቂ ሆነ፣ በኤድመንተንም መምህር ሆኖ ኖረ። የአሜሪካውን መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ግን እሱንም «ያልተሳካለት» ይለው ነበር።

«ጀርባው ላይ የተጻፈው የተረጋገጠ ነው»

በ1955 ቶፕስ ኦል አሜሪካን የተባሉ 100 የቀድሞ የኮሌጅ ተጫዋቾች ካርዶችን አወጣ። በመጀመሪያው እትም የባይረን «ዊዘር» ኋይት የሕይወት ታሪክ በጌይኔል ቲንስሊ ካርድ ጀርባ ላይ፣ የቲንስሊ ደግሞ በኋይት ላይ ታተመ። ኋላ ተስተካክሏል። ስህተቱ የታወቀው ሰዎቹ የታወቁ ስለነበሩ ነው፤ ኋይት በ1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ እስከ 1993 ሠርቷል። ማንም በማያውቀው ልጅ ካርድ ላይ ተመሳሳይ ስህተት ቢፈጠር ማን ያርመዋል?

ቁጥሮቹንም በጥርጣሬ ማየት ነው። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ይፋዊ የፉትቦል ስታቲስቲክስ መያዝ የጀመረው በ1937 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ርቀትና ነጥብ የቆጠሩት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ሁለት ጋዜጦች ለአንድ ጨዋታ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ቁመትና ክብደት ላይ ደግሞ መጨመር የተለመደ ነበር። በተጨማሪም ከጦርነት ጊዜ በስተቀር የአንደኛ ዓመት ተማሪ እስከ 1972 ድረስ በዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበር፤ የአራት ዓመት ውጤት ፈልጎ የሦስት ያገኘ ሰው የጎደለ መረጃ የለበትም።

«ኦል አሜሪካን አንድ ማዕረግ ነው»

አይደለም። ጋዜጦች፣ መጽሔቶችና የዜና ወኪሎች እያንዳንዳቸው የዓመቱን ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋቾች የያዘ የራሳቸውን «ኦል አሜሪካን» ቡድን ይመርጡ ነበር። ማን መረጠው፣ አንደኛ ቡድን ነው ሦስተኛ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

«ስሙ ከገጠመ ሰውየው እሱ ነው»

ማዮ የተባለው የቨርጂኒያ ትምባሆ ኩባንያ በ1894 የሃርቫርድ፣ የየልና የፕሪንስተን ተጫዋቾችን በ35 ካርዶች አሳተመ። ከፎቶው ጋር ያለው የቤተሰብ ስምና ኮሌጅ ነው። በአንዱ ካርድ ላይ እንዲያውም ስም የሚባል ነገር የለም፤ ሰብሳቢዎች «ስም የለሹ» ይሉት የነበረው ይህ ተጫዋች የሃርቫርዱ ጆን ደንሎፕ ነው።

የቤተሰብ ስም ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የፖ ወንድማማቾች ይበቃሉ። የገጣሚው ኤድጋር አለን ፖ ዘመዶች የሆኑ ስድስት ወንድማማቾች ሁሉም ለፕሪንስተን ተጫውተዋል። አንዱ ስሙም ኤድጋር አለን ፖ ነው፤ የ1889 ቡድን ኳርተርባክ (የማጥቃቱ መሪ) ነበር፣ በኋላም የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ሌላው ጆኒ በብሪታንያ ጦር ውስጥ ሲዋጋ በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ ሞተ። የአንዱን ታሪክ ለሌላው መስጠት የደቂቃ ሥራ ነው። እኛ ሰውን በራሱ ስም መፈለግ ስለለመድን ይህ በተለይ ያደናግረናል፤ ሞክሼዎችን የሚለየው የትውልድ ቀን፣ የወላጆች ስምና የትውልድ ከተማ ነው። ሦስቱ ሳይገጥሙ «አገኘሁት» ማለት አይገባም።

«አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ዕድሜ»

የ1940ዎቹን ተጫዋቾች በዚህ መንገድ ማግኘት ከባድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ቪ-12 በተባለው የመኮንኖች ማሠልጠኛ ፕሮግራሙ ተማሪዎችን እሱ ወደመረጣቸው ኮሌጆች ይልክ ስለነበር አንድ ልጅ በሁለት ዓመት ሁለት ማሊያ ይለብሳል። ከጦርነት ተመልሰው በመንግሥት የትምህርት ድጋፍ የገቡት ደግሞ በ25 ዓመታቸው ኮሌጅ ይጫወቱ ነበር። በ1955ቱ ካርዶች ላይ ያለው ዶን ዊትማየር ከአላባማ ወደ ባሕር ኃይል አካዳሚ ተዛውሮ በሁለቱም ተጫውቷል። ከዚያ አድሚራል ሆነና በሚያዝያ 1975 የቬትናሟ ሳይጎን ስትለቀቅ ሰዎችን የጫኑትን መርከቦች አዘዘ። ይህን የሕይወቱን ግማሽ በፉትቦል መዝገብ ብቻ ለፈለገ አይገኝም።

«ኢንተርኔት ላይ ከሌለ ጠፍቷል»

የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር ከ72 ዓመት በኋላ ይከፈታል፤ የ1950ው በሚያዝያ 1 ቀን 2022 ተከፍቷል። አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ፦ በ1940 ተማሪ የተቆጠረው በወላጆቹ ቤት ነው፣ በ1950 ግን በሚማርበት ከተማ። አባቱ ቤት ውስጥ ያጣኸው ተጫዋች በኮሌጁ የተማሪዎች መኝታ ቤት ውስጥ ተመዝግቦ ይሆናል።

«ወታደራዊ መዝገቡ ተቃጥሏል» የሚለውም በግማሽ ነው እውነት የሆነው። በሐምሌ 1973 በሴንት ሉዊስ የወታደር መዛግብት ማዕከል የደረሰው ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆኑ ፋይሎችን አጥፍቷል፤ የተጎዱት ግን የምድር ጦርና የአየር ኃይል ናቸው። የባሕር ኃይል ፋይሎች አልተነኩም። ስለዚህ የቪ-12 ልጆችን ታሪክ ማግኘት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ የምጀምረው ከተማሪዎች ጋዜጣና ከምሩቃን መጽሔት ነው። የምሩቃን መጽሔት በሞት የተለዩትን ሲያስታውስ ሙያ፣ ትዳር፣ የልጆች ስም አንድ አንቀጽ ውስጥ ይሰበስባል፤ ብዙ ኮሌጆች አሮጌዎቹን ቅጾች በዲጂታል አስቀምጠዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ደግሞ ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቅርባችሁ ነው፤ 16 ዓመት የሞላው ሰው የአንባቢ መታወቂያ በነጻ ያወጣል።

«ውድ ካርድ የተሻለ ታሪክ አለው»

ዋጋውን የሚወስነው የካርዱ ጠርዝና የታዋቂው ስም ነው። ርካሾቹ ውስጥ ነው ያልተነገረው ያለው።

«ሰውየው ከሞተ ማንን ይጎዳል?»

ልጆቹና የልጅ ልጆቹ አሉ። በ1930 የፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም ያልተነገረ ጋብቻ ልታገኝ ትችላለህ። ቤተሰብን ከመጻፍህ በፊት ለኮሌጁ ቤተ መዛግብት ጻፍ፤ የካርዱን የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ የታተመበትን ዓመትና የምትጠይቀውን አንድ ጥያቄ ላክ። አንድ ጥያቄ ብቻ። ሃያ ጥያቄ ለያዘ ደብዳቤ ማንም ቶሎ አይመልስም።