የብቃት ማረጋገጫዎች ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ምንድን ነው?

የብቃት ማረጋገጫዎች ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ሥርዓተ ትምህርት የማይቀርጽ፣ ፈተና የማያወጣ፣ የምስክር ወረቀትም የማይሰጥ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው እነዚህን የሚሰጡትን ድርጅቶች መቆጣጠር ነው። ዘንድሮ የተሰጠው ውጤት አምና ከተሰጠው ጋር፣ አንዱ ድርጅት የሰጠውም ሌላው ከሰጠው ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ይመረምራል፤ ካልተመጣጠነ የማስገደድ ሥልጣን አለው። ተጠሪነቱ ለሚኒስትር ሳይሆን ለፓርላማ ሲሆን «ገለልተኛ» ይባላል። ሐሳቡ በአደባባይ የተፈተነው፣ ጥቅሙም ጉድለቱም በግልጽ የታየው በእንግሊዝ ስለሆነ ማብራሪያችን በአብዛኛው ከዚያ አይወጣም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚዛኑ በማን እጅ ነበር?

በ1997 በእንግሊዝ የተቋቋመው የብቃት ማረጋገጫና የሥርዓተ ትምህርት ባለሥልጣን፣ በአጭር ስሙ ኪውሲኤ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ሥራ ይዞ ነበር። ሥርዓተ ትምህርት ያዘጋጃል፣ የሕፃናትን አገር አቀፍ ፈተናዎች ያስፈጽማል፣ ፈተና ሰጪ ድርጅቶችንም ይቆጣጠራል። አለቃው የትምህርት ሚኒስትሩ ነው። ሚኒስትር ደግሞ ውጤት በወጣ ቁጥር «ትምህርት ቤቶቻችን ተሻሻሉ» ማለት የሚወድ ሰው ነው። የኤ ሌቭል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሆነው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) አላፊዎች ቁጥር በየዓመቱ ሲጨምር ግማሹ ሰው የተማሪው ጥረት ነው ሲል፣ ግማሹ ፈተናው ቀሎ ነው አለ። የሁለቱንም ወገን ክርክር የሚፈታ ዳኛ አልነበረም፤ የነበረው ዳኛ ተጠሪነቱ ለሚኒስትሩ ነውና።

በ2002 ነገሩ ፈነዳ። አዲስ የተደራጀው ኤ ሌቭል የመጀመሪያ ውጤት ሲወጣ የመቁረጫ ነጥቦች ሆን ተብለው ከፍ ተደርገዋል የሚል አቤቱታ ተነሣ። ሚኒስትሯ ኤስቴል ሞሪስ የኪውሲኤውን ሊቀመንበር ሰር ዊሊያም ስተብስን አነሡ፤ በተከታዩ ወር ራሳቸውም ሥልጣን ለቀቁ። የአንድ ዓመት ፈተና ሁለቱንም ሲያወርድ መዋቅሩ የተበላሸ መሆኑን ማንም አየ።

የመንግሥት መልስ የመጣው ግን አምስት ዓመት ቆይቶ ነው። ሚኒስትር ኤድ ቦልስ ቁጥጥሩ ከኪውሲኤ ተነጥሎ ራሱን እንደሚችል በ2007 አስታወቁ። ኦፍኳል የተባለው አዲሱ ተቆጣጣሪ በ2008 በጊዜያዊ አቋም ሥራ ጀመረ፤ በ2009 በወጣው ሕግ መሠረትም ኤፕሪል 1 ቀን 2010 ራሱን የቻለ ሕጋዊ አካል ሆነ። በመካከሉ፣ በ2008 ክረምት፣ ኪውሲኤ በውል ያሠራው የሕፃናት ፈተና እርማት ዘግይቶ ውጤት በጊዜው ሳይደርስ ቀረ። ተቆጣጣሪው ያኔ ገና በዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ለመለያየቱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ገለልተኝነት የሚታይባቸው ቦታዎች

በሕጉ መግቢያ ላይ «ገለልተኛ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ሰነዱን የሚያነብ ሰው ግን በቀጥታ ወደ ሹመት፣ ወደ ገንዘብና ወደ ትእዛዝ አንቀጾች ማለፍ ይሻለዋል።

በኦፍኳል ዋናው ተቆጣጣሪ የሚሾመው በዘውዱ ትእዛዝ ሲሆን የአንድ ዙር ዘመኑ ከአምስት ዓመት አይበልጥም። ሚኒስትሩ በውጤት ተናዶ በስልክ ሊያሰናብተው አይችልም። በጀቱ የሚመጣው በፓርላማ ድምፅ ነው። አንዳንዶች ተቆጣጣሪው ከሚቆጣጠራቸው ድርጅቶች በሚሰበስበው ክፍያ ይተዳደር ይላሉ። መንግሥትን ከወጪ ስለሚያድን ያጓጓል፤ ነገር ግን ከፋዮቹ ጥቂትና ትልልቅ ከሆኑ ትልቁ ከፋይ ቀስ በቀስ ትልቁ ተሰሚ ይሆናል። ይህን መንገድ የሚመርጥ አገር ቢያንስ ክፍያው በሕግ የተቆረጠ፣ ድርድር የማያውቅ ማድረግ አለበት።

የትእዛዙ ጉዳይ ከሁሉም ይረቅቃል። ተማሪው ምን ይማር የሚለው የፖለቲካ ጥያቄ ነው፤ የተመረጠ መንግሥት ሊወስነው ይገባል። ምን ያህል ሲያውቅ የትኛው ውጤት ይሰጠው የሚለው ግን የተቆጣጣሪው ነው። የእንግሊዙ ሕግ ይህን መሥመር ለማስመር ሞክሯል። ሚኒስትሩ የአንድን ብቃት ማረጋገጫ ዝቅተኛ የዕውቀት ይዘት መወሰን ይችላል፤ ተቆጣጣሪው የመንግሥትን ፖሊሲ ከግምት እንዲያስገባም ሊያዝዝ ይችላል። መሥመሩ የሚጠበቀው እንዲህ ያለው ትእዛዝ በጽሑፍ ወጥቶ ሕዝብ ሲያየው ነው። በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ በሹክሹክታ የሚተላለፍ «ምክር» ባለበት አገር ሕጉ የቱንም ያህል ቢያምር ተቆጣጣሪው ገለልተኛ አይደለም።

ጎረቤቷ ዌልስ መሥመሩ ሳይሰመር ሲቀር የሚሆነውን አሳይታለች። በ2012 በእንግሊዝኛ ቋንቋ የጂሲኤስኢ ፈተና (ተማሪዎች በ16 ዓመታቸው ገደማ የሚወስዱት ነው) የመቁረጫ ነጥቡ በጃንዋሪና በጁን ተፈታኞች መካከል ተለወጠ፤ በጁን የተፈተኑት ተጎዳን አሉ። በእንግሊዝ ኦፍኳል አልለውጥም አለ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶም በ2013 ክሱ ውድቅ ሆነ። በዌልስ ግን ያኔ ተቆጣጣሪው ራሱ መንግሥት ስለነበር ሚኒስትሩ ሊተን አንድሩስ ውጤቱ እንደገና እንዲሠራ አዘዙ፤ ከ2,300 የሚበልጡ ተማሪዎች ውጤታቸው ከፍ አለ። አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ነጥብ፣ ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ግን የተለያየ ውጤት። ሚኒስትሩ ለልጆቹ ተሟግተው ሊሆን ይችላል፤ አሠሪው ግን ሁለቱን ወረቀቶች በምን ሊያወዳድር ነው? ዌልስ በዚያው በ2012 የወጣውን የባለሙያዎች ጥናት ምክር ተቀብላ በ2015 በሕግ «ኳሊፊኬሽንስ ዌልስ» የተባለ የራሷን ገለልተኛ ተቆጣጣሪ አቋቋመች።

ተቆጣጣሪው በየቀኑ ምን ይሠራል?

ሥራው በእውቅና ይጀምራል። የምስክር ወረቀት መስጠት የሚፈልግ ድርጅት ማንነቱንና አስተዳደሩን፣ ታማኝነቱን፣ ገንዘቡንና የሰው ኃይሉን፣ ፈተና የመንደፍና የማስፈጸም ችሎታውን አሳይቶ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ለሁሉም በአንድነት የወጡ ቋሚ ግዴታዎች ይከተሉታል። የጥቅም ግጭትን መቆጣጠር፣ የጥያቄ ወረቀት ምስጢር መጠበቅ፣ ለአካል ጉዳተኛ ተፈታኝ ማመቻቸት፣ ችግር ሲፈጠር ሳይደብቁ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ግዴታ የጣሰ ምን ይሆናል? አዲስ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁሙ ሕግ አውጪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ2010 ኦፍኳል ሥራ ሲጀምር እውቅና መንጠቅ ይችል ነበር፤ መቅጣት ግን አይችልም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን የሚፈትን ድርጅት እውቅናውን ብትነጥቀው የሚጎዱት ተማሪዎቹ ናቸው። ድርጅቱም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ዛቻው አያስፈራውም። የገንዘብ ቅጣት የተጨመረው በ2011 ሕግ ሲሆን ጣሪያውም የድርጅቱ ገቢ 10 በመቶ ሆነ። በ2018 ኦሲአር የተባለው ፈተና ሰጪ 175,000 ፓውንድ ተቀጣ። ጥፋቱ በ2017ቱ የጂሲኤስኢ ሥነ ጽሑፍ ፈተና ላይ የሮሚዮና ጁሊየትን ሁለት ባላንጣ ቤተሰቦች ማምታታቱ ነበር። የካፑሌት ወገን የሆነውን ቲባልትን ካፑሌቶችን እንደሚጠላ አድርጎ ጠይቋል፤ ጥያቄው በብዙ አራሚና አጣሪ እጅ አልፎ ማንም አላየውም። ቅጣቱ የወደቀው በማጣሪያው ሥርዓት ላይ ነው።

ከዚያ የልክ ጥበቃ አለ። ለምሳሌ ያህል አምና ከ80 ነጥብ 52 ያመጣ አንድን ውጤት አግኝቶ ነበር እንበል። ዘንድሮ ጥያቄው ጠጠር ብሎ ከሆነ ያንኑ ውጤት ለማግኘት 48 ሊበቃ ይችላል። 52ን እንደያዙ መቀጠል ለዘንድሮዎቹ በደል ነው። ችግሩ ፈተናው መክበዱን ወይስ ተማሪው መድከሙን በምን ታውቃለህ የሚለው ነው። እንግሊዞች የተፈታኞቹን የቀድሞ ውጤት እንደ መነሻ ይወስዳሉ፤ በዚያ ትንበያ ላይ አራሚዎች የወረቀቱን ጥራት አይተው ይጨምሩበታል። በተለይ ሥርዓተ ትምህርቱ በተለወጠ ዓመት ይህ ግድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች የቆየ የጥያቄ ወረቀት ስለሌላቸውና መምህራኑም ስላልለመዱት ውጤት ወረድ ይላል፤ በጥራት ብቻ ቢዳኙ ቀድመው በመወለዳቸው ተቀጡ ማለት ነው። የዘዴው ድክመት ደግሞ ተማሪው በእውነት ቢሻሻልም ውጤቱ ባለበት ሊቆም መቻሉ ነው። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ ከ2017 ጀምሮ በእንግሊዝኛና በሒሳብ፣ በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ የያዘ የማመሳከሪያ ፈተና ለተመረጡ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ወረቀቱ አይወጣም፤ ከወጣ ማመሳከሪያነቱ ያበቃል።

ደቡብ አፍሪካ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። ስሙ «እረኛ» ማለት የሆነው ተቆጣጣሪዋ ኡማሉሲ የማትሪክ ነጥቦችን በየትምህርቱ ከቀደሙት ዓመታት ጋር አነጻጽሮ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል፤ ማስተካከያው ግን ገደብ አለው።

የሙያው ግማሽ

ጋዜጦች ስለ ትምህርት ቤት ፈተና ሲጽፉ ይውላሉ። ለተቆጣጣሪ ግን የሚከብደው የሙያው ወገን ነው። ዋናዎቹን የትምህርት ቤት ፈተናዎች በእንግሊዝ የሚሰጡት ከአንድ እጅ ጣት የማይበልጡ ድርጅቶች ሲሆኑ የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጡት ግን ከ100 ይበልጣሉ። ሁሉም በአንድ ቀን የሚቀመጡበት ፈተናም የለም። በሙያ ሥልጠና ብዙ ጊዜ መዛኙ አሠልጣኙ ራሱ ነው፤ የተዘረዘሩትን መስፈርቶች አንድ በአንድ «ብቁ» እያለ ምልክት ያደርጋል።

የሚበላሸውም እዚያው ነው። አሠልጣኙ የሚከፈለው ባለፉ ሠልጣኞች ቁጥር ከሆነ «ብቁ አይደለም» ማለት ከኪሱ ማውጣት ይሆንበታል። የአንዱ ሠልጣኝ የሥራ ማስረጃ በሌሎች ስም ተገልብጦ ይቀርባል። 120 ሰዓት የሚፈጅ ሥልጠና በሦስት ቀን ያልቃል። ፎቶግራፍ ብቻ ታይቶ ኤሌክትሪክ የዘረጋ ሰው ይመሰከርለታል። የማሠልጠኛ ማዕከሉ ያለ ውጭ አጣሪ በቀጥታ ወረቀት እንዲያወጣ ሲፈቀድለት ይህ ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚደረስበት። ኦፍኳል ከ2021 ጀምሮ ማረጋገጫ ሰጪዎች የማዕከላትን ምዘና የሚያጣሩበትን መንገድ በጽሑፍ እንዲያስቀምጡና በአደጋው መጠን እንዲያጠብቁት አስገድዷል።

የደረጃ መሰላሉም ለዚህ ያገለግላል። በእንግሊዝ ከመግቢያ ደረጃ ሌላ ስምንት ደረጃዎች አሉ፤ ኤ ሌቭል ሦስተኛው ላይ ነው። ደረጃው ክብደቱን ሲነግርህ የጠቅላላ ሰዓቱ ብዛት ስፋቱን ይነግርሃል፤ 10 ሰዓት አንድ ክሬዲት ነው። ማስታወቂያ ላይ «ደረጃ 3» ያለ ኮርስ ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነ ከኤ ሌቭል ጋር አይወዳደርም። ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ነው።

ተቆጣጣሪ ሁሉን እንደማይችል ያሳየውም ይኸው ዘርፍ ነው። በ2011 የወጣው የአሊሰን ዎልፍ ጥናት ትምህርት ቤቶች ለተማሪው ሥራም ተጨማሪ ትምህርትም የማይከፍቱ የሙያ ኮርሶችን እንዳበዙ አሳየ። ምክንያቱ ሚኒስቴሩ ትምህርት ቤቶችን በውጤት በሚያወዳድረው የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ አንዱን ኮርስ እንደ ብዙ ጂሲኤስኢ ይቆጥር ስለነበር ነው። በ2012 መንግሥት በሠንጠረዡ የሚቆጠሩትን ከ3,175 ወደ 125 ቀነሰ። ኮርሶቹ በሕግ እውቅና የነበራቸው ነበሩ። ወረቀቱን የሚመረምር ተቆጣጣሪ ቢኖርም ትምህርት ቤቱን ወደ ወረቀቱ የሚገፋው ሽልማት በሌላ እጅ ነበር።

ገለልተኛ መሆንና ልክ መሆን

በ2020 ፈተናዎች በኮሮና ምክንያት ሲሰረዙ ኦፍኳል መምህራን ውጤት እንዲገምቱና ተማሪዎቻቸውን በተርታ እንዲያስቀምጡ አደረገ፤ ግምቱን ደግሞ በትምህርት ቤቱ ያለፉ ዓመታት ውጤት በሒሳባዊ ቀመር አስተካከለው። ዓላማው ሚኒስትሩ የጠየቀው የውጤት ግሽበትን መከላከል ነበር። ኦገስት 13 ቀን ውጤቱ ሲወጣ ከኤ ሌቭል ውጤቶች 39 በመቶ ያህሉ ከመምህራን ግምት ወረዱ። ጥቂት ተማሪ ባለበት ክፍል ቀመሩ ስለማይሠራ የመምህሩ ግምት ተወሰደ፤ ትንንሽ ክፍል የሚያስተምሩት ደግሞ ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በአገር ደረጃ ሒሳቡ ልክ ገባ፤ በደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ ላለው ጎበዝ ልጅ ግን የቀደሙት ተማሪዎች ውጤት ጣሪያ ሆነበት። ከአራት ቀን በኋላ ቀመሩ ተሻረ፤ ዋና ተቆጣጣሪዋ ሳሊ ኮሊየር በዚያው ወር ለቀቁ። ገለልተኝነት ቢያንስ ቀመሩ በሰነድ ታትሞ ሁሉም እንዲተቸው አድርጓል፤ ከስህተት ግን አላዳነም።

ወረቀት ሲመጣልህ

ቁጥጥር ያለበት ማረጋገጫ በተቆጣጣሪው ሕዝባዊ መዝገብ ላይ ይገኛል። የምትፈልገው የማሠልጠኛውን ስም ሳይሆን የማረጋገጫ ሰጪውን ስምና የማረጋገጫውን ቁጥር ነው። ደረጃውን፣ ጠቅላላ ሰዓቱን፣ ምዝገባው የሚዘጋበትን ቀን ተመልከት፤ ጊዜው ባለፈ ኮርስ ላይ የተመዘገበ ሠልጣኝ ወረቀት ላያገኝ ይችላል። መዝገቡ የማይነግርህ ማሠልጠኛው በደንብ ያስተምራል ወይ የሚለውን ነው። ያ በእንግሊዝ ኦፍስቴድ የሚባለው የሌላ ተቆጣጣሪ ሥራ ነው፤ ሁለቱ ስማቸው ስለሚመሳሰል አቤቱታ የሚያስገቡ ሰዎች ዛሬም ያምታቷቸዋል።