ምጣዱ ለእንግዳ አይቀርብም፦ ስለ ፓኬጅ ዝርዝር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ ማረፊያ ቤት ስታቲክ (ቀድሞ ተገንብቶ ያለቀ ፋይል ሆኖ የሚቀርብ) ድረ ገጽ ስንሠራ ከጓደኛዬ ጋር ያከራከረን ዲዛይኑ አልነበረም። «ፓኬጅ ዶት ጄሰን» የምትባለው ፋይል ነበረች። ፓኬጆች፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጇቸው ኮዶች፣ እዚያ ውስጥ በሁለት ዝርዝር ይጻፋሉ፦ «ዲፔንደንሲስ» (ፕሮጀክቱ ለመሥራት የሚያስፈልገው) እና «ዴቭ ዲፔንደንሲስ» (ስንሠራው ብቻ የሚያስፈልገን)።

«ዲፔንደንሲስ ውስጥ ያለው ሁሉ ጎብኚው ስልክ ላይ ይወርዳል»

አይወርድም። እንግዳ እንጀራውን ይበላል እንጂ ምጣዱን አያይም። ለጎብኚው የሚደርሰው ቢልድ ተደርጎ (ከጻፍነው ኮድ ተገንብቶ) ያለቀው ፋይል ብቻ ነው። ጃቫስክሪፕት ብራውዘር ድረስ የሚሄደው የገጹ ኮድ ኢምፖርት ካደረገው (ጠርቶ ካስገባው) ነው፤ ኮዱን አንድ ላይ የሚጠቀልለው ባንድለር ፓኬጁ በየትኛው ዝርዝር እንደተጻፈ አይጠይቅም። ገጹ ከከበደ መጀመሪያ ፎቶዎቹን እዩ። የእኛን ያከበደው የፋሲል ግንብ ፎቶ ነበር።

«ስታቲክ ስለሆነ ሁሉም ዴቭ ውስጥ ይግባ»

ላፕቶፓችሁ ላይ ቢልድ አድርጋችሁ ውጤቱን ብቻ የምትጭኑ ከሆነ ይግባ፣ ችግር የለውም። እኔን ግን ጉድ ሠርቶኛል። ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የክፍል ዋጋ ቀይሬ ብልከው ሰርቨሩ ቢልድ ማድረግ አቃተው። ለካ «ኖድ ኢንቭ» የሚባለው ቅንብር «ፕሮዳክሽን» ተደርጎ ኖሮ ፓኬጆችን የሚጭነው መሣሪያ፣ ኤንፒኤም፣ የዴቭ ፓኬጆችን ዘሏቸዋል፤ ገጹን የሚገነባው ኢለቨንቲ ደግሞ እዚያው ውስጥ ነበር። የማረፊያ ቤቱ ባለቤት በየሰዓቱ ትደውላለች፣ እኔ ላፕቶፔ ላይ «ይሠራል እኮ!» እላለሁ።

መውጫው ሁለት ነው። አንድም ለቢልድ የግድ የሚያስፈልገውን ወደ ዲፔንደንሲስ ማዛወር፣ አንድም ፓኬጆቹን በሚጭነው «ኤንፒኤም ሲአይ» ትዕዛዝ ላይ ዴቭንም እንዲጨምር ማዘዝ። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ፤ ኮድ ብቻ የሚፈትሹት ኢኤስሊንትና ፕሪቲየር ዴቭ ውስጥ ቀሩ። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም።

«ሎክ ፋይሉ ጊት ውስጥ አይገባም»

የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ውስጥ ይገባል። የማይገባው ፓኬጆቹ የሚጫኑበት «ኖድ ሞጁልስ» ፎልደር ነው። በፓኬጅ ዝርዝሩ ከእትም ቁጥር 1.2.3 ፊት ያለችው ጣሪያ መሰል ምልክት (^) ከ2.0.0 በታች ያለ አዲስ እትም ሁሉ እንዲገባ ትፈቅዳለች፤ ትክክለኛውን እትም የሚይዘው ሎክ ፋይሉ ነው። ያለ እሱ «ኤንፒኤም ሲአይ» ጭራሽ አይሠራም።

«ዴቭ ፓኬጅ አደጋ የለውም»

ዴቭ ፓኬጅ የሚሠራው በእናንተው ማሽን፣ እናንተ ማሽኑ ላይ ባላችሁ ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በኢቨንት ስትሪም ፓኬጅ በኩል የገባው ተንኮል አዘል ኮድ አንድ የቢትኮይን ቦርሳ መተግበሪያን አድብቶ የጠበቀው ቢልድ ሲደረግ ነበር። ስለዚህ የፓኬጆችን የደኅንነት ክፍተት የሚፈትሸውን «ኤንፒኤም ኦዲት»ን ዴቭን አስቀርታችሁ ብቻ አታስኪዱ።