የስፒከር ሴንሲቲቪቲ ምንድን ነው?

ደሴ ፒያሳ ስፒከር ልትገዙ ሱቅ ብትገቡ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይታወቃል፤ «ስንት ዋት ነው?» ሻጩም ካርቶኑን አዙሮ ትልቁን ቁጥር ያሳያችኋል። አምስት ሺህ፣ አስር ሺህ የሚል የተጻፈበት አለ። ፒ ኤም ፒ ኦ የሚባለው ይህ ቁጥር ለገበያ ተብሎ የሚጻፍ ነው። ስፒከሩ ሳሎናችሁ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጮህ አይነግራችሁም።

መጠየቅ ያለበት ሴንሲቲቪቲው ነው። በተለይ ቲዩብ አምፕሊፋየር (አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ) ያማረው ሰው ከዚህ ቁጥር ቢጀምር ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

ሴንሲቲቪቲ ማለት ስፒከሩ አንድ ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ድምፅ እንደሚያወጣ ነው። መመሪያው ላይ ወይም ከጀርባው «88 ዴሲቤል፣ 1 ዋት፣ 1 ሜትር» ተብሎ ይጻፋል። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ከ84 እስከ 88 ናቸው። ከ92 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ትልልቅ ሆርን (ድምፁን የሚያጎላ መለከት መሰል አፍ) ያላቸው ደግሞ 100ን ያልፋሉ። በፈረንጆቹ 1946 የወጣው ክሊፕሽሆርን የተባለ ስፒከር 105 ዴሲቤል ተብሎ ይታወቃል።

84 እና 94 ጎን ለጎን ሲታዩ የተቀራረቡ ይመስላሉ። ግን በጣም ይራራቃሉ። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት። 10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ አስር እጥፍ። ስለዚህ ባለ 94ቱ በ8 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ባለ 84ቱ ለማውጣት 80 ዋት ይፈልጋል።

በተለመደው የትራንዚስተር አምፕሊፋየር 80 ዋት ብርቅ አይደለም። በቲዩብ ግን እያንዳንዱ ዋት ውድ ነው። 300ቢ የሚባለው ዝነኛ ቲዩብ ብቻውን ሲሠራ 8 ዋት ገደማ ይሰጣል። ኢኤል84 የሚባሉ ሁለት ቲዩቦች ተጣምረው ከ12 እስከ 15 ዋት ያወጣሉ። ከነሱ የሚበልጠው ኢኤል34 በጥንድ ከ30 እስከ 40 ይደርሳል። ከዚያ በላይ ሲፈለግ ቲዩቡ ይበዛል፣ ትራንስፎርመሩ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ዋጋውም ይጨምራል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ እንዲያመጣላችሁ ካሰባችሁ ኪሎው ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው።

8 ዋት ግን የሚናቅ አይደለም። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ዛሬ ትንሽ በሚባል ዋት አዳራሹን ይሞሉ ነበር። ምስጢሩ ስፒከሩ ላይ ነበር፤ ግዙፍና ሴንሲቲቪቲው ከፍተኛ የሆነ ሆርን።

እስቲ ወደ ቤታችን እናምጣው። መካከለኛ ሳሎን እንውሰድ፤ ከስፒከሮቹ 3 ሜትር ያህል ርቃችሁ ነው የምትቀመጡት። በርቀቱ ምክንያት ድምፁ ይቀንሳል፣ ሁለት ስፒከር በመሆኑና ግድግዳው በመመለሱ ደግሞ መልሶ ይጨምራል። በግምት 3 ዴሲቤል ያህል ቀንሳችሁ አስሉት። አሁን መንዙማ ከፈታችሁ። የመሪው ድምፅ ብቻውን ሲሆን ብዙ ኃይል አይጠይቅም፣ ከአንድ ዋት በታች ይበቃዋል። ድቤው ሲመታ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ያ ምት መቀመጫችሁ ጋ 95 ዴሲቤል እንዲደርስ ካስፈለገ ባለ 87 ስፒከር 12 ወይም 13 ዋት ይጠይቃል። ባለ 93 ከሆነ ከ3 ዋት ትንሽ ያለፈ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ጥንድ ኢኤል84ን አቅሙ ጫፍ ላይ ያደርሰዋል። ሁለተኛው ለ300ቢ ገና ብዙ ቦታ ይተውለታል። አምፕሊፋየሩ ጫፍ ሲደርስ የድቤው ምት ይደነዝዛል፣ መሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግም ይሻክራል። ጫፍ ሲደርስ የቲዩብ ድምፅ ከትራንዚስተር ይልቅ ቀስ እያለ ነው የሚበላሸው፤ በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው ችግሩን «የቲዩብ ጠባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እውነቱ ግን ዋቱ ማለቁ ነው።

ግድግዳ ከጎረቤት ጋር የምትጋሩ ከሆነ 95 ዴሲቤል የምትደርሱበት ቀን ጥቂት ነው። ማታ ረጋ ብሎ ትዝታና አምባሰል ለሚሰማ ሰው ትንሽ ዋት ከበቂ በላይ ነው። ማሲንቆና የሰው ድምፅ በትንሽ ቲዩብ አምፕሊፋየር ሲሰሙ በጣም ያምራሉ፤ እኔ ለወሎ ሙዚቃ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላውቅም።

ሴንሲቲቪቲ የጥራት መለኪያ አይደለም። ቢቢሲ ለራሱ የስርጭት ሥራ ያሠራው ኤልኤስ3/5ኤ የተባለ ትንሽ ስፒከር 83 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ እስከ ዛሬ ግን በድምፁ ይወደዳል። ነገሩ የፊዚክስ ነው። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ባስ እና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ ሦስቱም አንድ ላይ አይገኙም። ባለ 95 ዴሲቤል ስፒከር ከፈለጋችሁ ወይ ሳጥኑ ትልቅ ይሆናል ወይ ባሱ ያንሳል። ሳሎኑ ጠባብ ከሆነ ባለ 89 ወይም 90 ስፒከር ከጥንድ ኢኤል34 ጋር ማጣመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ቁጥሩን ስታነቡ ከጎኑ ያለውንም እዩ። አንዳንድ አምራቾች በ1 ዋት ፋንታ «2.83 ቮልት» ብለው ይጽፋሉ። ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው፤ 2.83 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ 1 ዋት ነው። በ4 ኦም ግን 2 ዋት ይሆናል። ስለዚህ ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ከተጻፈው ላይ 3 ቀንሱ፤ 90 ያለው 87 ነው ማለት ነው።

ኦሙ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። ቲዩብ አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ ከጀርባው ለ4 እና ለ8 ኦም የተለያየ መውጫ አለው፤ ስፒከሩን በልኩ ሰኩት። ስፒከር ሳይሰካ ሙዚቃ አትልቀቁበት፣ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ከጃፓን የመጣ 100 ቮልት፣ ከአሜሪካ የመጣ 120 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ለእኛ 220 መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታብላይዘር አይቅር። ክዳኑን ደግሞ ከሶኬት ነቅላችሁም ቢሆን ራሳችሁ አትክፈቱት፤ ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ካፓሲተሮች ለሞት የሚያበቃ ቮልት ይዘው ይቆያሉ።

ያገለገለ ስፒከር ገዝታችሁ ቁጥሩ ከጠፋ ደግሞ ሴንሲቲቪቲው ከሚታወቅ ስፒከር ጋር አወዳድሩት። ሁለቱም ኦማቸው አንድ ይሁን። አንዱን ሰክታችሁ አንድ ሜትር ርቀት ላይ በስልክ የድምፅ መለኪያ አፕ ለኩ። የድምፅ ቁልፉን ሳትነኩ አምፕሊፋየሩን አጥፉ፣ ሌላውን ሰኩና በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሙዚቃ ድገሙት። ስልኩ ትክክለኛውን ዴሲቤል ላያሳይ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ግን ለግዢ በሚበቃ ደረጃ ያሳያል።