«የነዳጅ መኪና ተከለከለ» ሲባል የተከለከለው ምኑ ነው?

ጎንደር ላይ ለፈተና በምንዘጋጅበት ግሩፕ ይቺ ጥያቄ ሦስቴ ተነስታ ሦስቴም አጨቃጨቀችን። የተከለከለው መንዳት ነው ወይስ ማስገባት?

ማስገባት ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቀ። እገዳው ያለው ጉምሩክ ላይ ነው እንጂ መንገድ ላይ አይደለም።

አዘዞ የሚኖር ሰው አሮጌ ቪትዝ አለው እንበል። ጠዋት አስነስቶ ፒያሳ ይመጣል። ካሰኘውም ይሸጣታል። በዚህ እገዳ ምክንያት የሚያስቆመው የለም። ያቺው ቪትዝ ዱባይ ቆማ ብትሆን ግን አበቃ፣ አትገባም። (የማደያውን ወረፋ ለእሱው ትቼዋለሁ።)

ሌላው የሚያምታታው ቀረጥ ነው። የቀረጥ ማበረታቻው ከእገዳው ቀድሞ የወጣ፣ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ያኔ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5፣ ተበታትኖ ለሚመጣ ዜሮ ተባለ። እገዳውን እንዳለ ያዙት። የቀረጡ ቁጥር ግን በመመሪያ ሊቀየር ስለሚችል ከፈተናው በፊት አንዴ አጣሩት።