ስለ ሞምባሳው ሐለር ፓርክ የሚነገረውና እውነታው

ከአገራችን ወደ ኬንያ ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ሞምባሳ ሲደርስ ከባሕሩ ቀጥሎ የሚሰማው ስም ሐለር ፓርክ የተባለው የዛፍና የእንስሳት መጎብኛ ነው። ከከተማው በስተሰሜን የኒያሊን ድልድይ ተሻግሮ፣ ወደ ማሊንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባምቡሪ ላይ ይገኛል። ስለ ቦታው የሚወራው ብዙ ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱ ደግሞ ጎብኚው ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ሳያይ እንዲመለስ ያደርገዋል።

«ከጥንቱ የባሕር ዳርቻ ደን የተረፈ ነው።»

አይደለም። ቦታው ድንጋይ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ የተተወ ጠፍ መሬት ነበር። በአጠገቡ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1954 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ከጥንት የባሕር ኮራል የተሠራውን የኖራ ድንጋይ እየቆረጠ ሲወስድ፣ የቀረው ፀሐይ የሚያነደው፣ ጨዋማ ውሃ የሚያቁርና አፈር የሚባል ነገር የሌለበት ነጭ ወለል ነበር። በ1971 ሬኔ ሐለር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ የግብርና ባለሙያ ይህን መሬት ለማዳን ተነሣ። 26 ዓይነት ዛፎች ሞከረ፤ የጸደቁት ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሸውሸዌ ነው። ብዙ ጎብኚ ጥድ ይመስለዋል እንጂ እኛም አገር የሚተከለው ሸውሸዌ ራሱ ነው፤ በሥሩ ላይ ያሉ ተሕዋስያን ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚይዙለት ያለ ለም አፈር ያድጋል።

ሆኖም ዛፉ በቀለ እንጂ አፈር አልተገኘም። የረገፈው መርፌ መሰል ቅጠል አልበሰብስ ብሎ እንደ ምንጣፍ ተከመረ። መፍትሔው የመጣው «የሞምባሳ ባቡር» እየተባለ ከሚጠራ እግሩ ብዙ ፍጡር ነው፦ የእርሳስ ያህል የሚወፍር፣ ጥቁር ገላ ላይ ቀያይ እግሮች የደረደረ፣ ሲነኩት የሚጠቀለል። ሐለር ይህ ፍጡር ደረቁን ቅጠል ሲበላ አየና እየሰበሰበ ወደ ደኑ አስገባው። በልቶ የሚጥለው ፍግ ከቅጠሉ ጋር እየተቀላቀለ አፈር ሆነ፤ በአፈሩ ላይ ሌላው ዛፍ በቀለ፤ ከዚያ ወፉም እንስሳውም መጣ። እዚያ ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ ቅጠሉን በጣታችሁ ግለጡት። ላይ ያለው ቡናማ መርፌ፣ ከሥሩ የደቀቀው፣ ከዚያ ጥቁሩ አፈር፣ ወዲያው ደግሞ ጠጣሩ ድንጋይ ይመጣል። ለእኔ ከቀጭኔው ይልቅ የመግቢያውን ዋጋ የሚያወጣው ይህ ነው።

«ኤሊዋ ጉማሬውን እንደ እናት አሳደገችው።»

ይህ ታሪክ ዓለምን ያስለቀሰ ነው፤ መሠረቱም እውነት ነው። በታኅሣሥ 2004 በሱናሚው ጊዜ አንድ የጉማሬ ግልገል ከማሊንዲ አቅራቢያ የባሕር ድንጋይ ላይ ብቻውን ቀርቶ ተገኘ። ከባሕር የመጣ እንስሳ ግን አልነበረም፤ ቤተሰቡ ሳባኪ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ የሚኖር ነበር። ወደ ሐለር ፓርክ ሲያመጡት በቀጥታ አንድ ግዙፍ ኤሊ ጋ ሄዶ ተጠጋ። ኤሊው እናት አይደለም፤ ወንድ ነው፤ ስሙም ምዜ፣ በስዋሂሊ ሽማግሌ ማለት ነው። መጀመሪያ ፈጽሞ አልፈለገውም፤ ቆይቶ ነው አብረው መብላትና መተኛት የለመዱት። ኦዌን የተባለው ጉማሬ እየከበደ ሲሄድ ሽማግሌውን እንዳይጎዳ ተለያይተው፣ እሱ ክሊዮ ከተባለች የራሱ ዘር ጋር እንዲኖር ተደረገ። ልጆቻችሁን ሁለቱን ተቃቅፈው እንዲያዩ ቃል ገብታችሁ አትውሰዷቸው።

ግዙፎቹ ኤሊዎች ኬንያዊ ናቸው የሚባለውም ልክ አይደለም። ዘራቸው ከሲሼልስ ከአልዳብራ ደሴቶች ነው።

«አንበሳና ዝሆን እናያለን።»

ለእነሱ መሄድ ያለባችሁ ጻቮ ወደተባለው ሰፊ የኬንያ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ዝሆን ብቻ ከሆነ ሺምባ ሂልስ የተባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ይቀርባል። ሐለር በእግር የሚዞሩት፣ በጥላ የተሸፈነ፣ ግማሽ ቀን የሚበቃው ቦታ ነው። አረጋዊ ወላጅ ወይም ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ሰው እንዲያውም ከሰፊው ፓርክ የሚሻለው ለዚህ ነው።

«አዞው ሞቷል፤ ወይም ተኝቷል።»

አፉን ከፍቶ ሳይንቀሳቀስ የሚቆየው ሙቀቱን ለማስተካከል ነው። አርባ ምንጭ ጫሞ ሐይቅ ላይ የአዞ ገበያን ያየ ሰው ይህን አይስተውም፤ ዝርያውም ያው የናይል አዞ ነው። አጥሩ ላይ ጠጠር የሚወረውሩ ሰዎችን ማየት ያናድዳል። አትወርውሩ፤ ልጆችም እንዳይለምዱት ከልክሉ።

«ከቤት የያዝነውን እናብላቸው።»

ለቀጭኔዎቹ የሚሰጠው እዚያው የተዘጋጀ መኖ ነው። መዳፍ ዘርግታችሁ ስትይዙ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው ጠቆር ያለ ምላስ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ልጆች ይህን አይረሱትም። ቀጭኔ የሚያመሰኳ እንስሳ ስለሆነ ዳቦና ብስኩት ሆዱ ውስጥ ፈልቶ ሊያሳምመው ይችላል። ለጦጣም ሙዝ መስጠት ደግነት አይደለም፤ ሰው እጅ ላይ መንጠቅ የለመደ ጦጣ በኋላ ሕፃን ይቧጭራል።

የማብላቱ ሰዓት ሊለዋወጥ ስለሚችል በሩ ላይ ጠይቁ። ስዋሂሊ የሚናገር ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሰሌዳ ግን እንደ ፈረንጅ ነው። ሰሌዳው ላይ የከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ቢል በእኛ 9 ሰዓት ማለት ነው።